ያለ ዋጋ የሚከፈት በር፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ማናቸውም መልካም ሥራ ያለ ወጪ አይሠራም። የምንጭ ውሃ ለጠጪው ያለ ዋጋ ቢገኝም ምንጩን የሚጠርግና ዙሪያውን የሚያጥር ሰው የድካሙን ዋጋ ይፈልጋል፤ ትምህርት ለተማሪው ያለ ክፍያ ቢሰጥም መምህሩ ቀለብ ያስፈልገዋል፤ በቤተ ክርስቲያንም ጧፉ፥ ዕጣኑና መገበሪያው ምእመናንን ሁሉ በአንድነት የሚያገለግል ቢሆን፥ ከሰው እጅ ሳይወጣ በራሱ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር ለሕዝብ በነጻ ይሰጣል በተባለ ጊዜ አስተዋይ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ሳይሆን «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? እስከ መቼስ ይከፍላል?» የሚል ነው።

በአሁኑ ዘመን ይህ ጥያቄ ከሚነሣባቸው ሥፍራዎች አንዱ የሥነ ጥበብ ቤት ነው። በአሜሪካ አገር የዘመኑን ሥነ ጥበብ ለሕዝብ የሚያሳዩ፥ ለትርፍ ያልቆሙ ብዙ ቤቶች አሉ። እነዚህም ቤቶች የጥንት ቅርስ ብቻ ከሚጠበቅባቸው ሙዚየሞች የሚለዩት፥ በሕይወት ያሉትን ሠዓልያንና ቀራፂዎች፥ የዜማና የጭፈራ ባለሙያዎች፥ የፊልም ሠሪዎችም ጭምር ጠርተው አዲስ ሥራ እንዲሠሩ በማድረጋቸው ነው። ከዚህም ጋር በአካባቢያቸው ለሚኖረው ሕዝብ ያለ ክፍያ የሚሰጡት አገልግሎት አለ፤ ይኸውም በነጻ የሚገባባቸው ምሽቶች፥ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር የሚውሉባቸው ቀኖች፥ ለወጣቶች የሚሰጥ ትምህርት፥ ለሁሉ የተከፈተ የአትክልት ሥፍራና ይህን የመሰለው ነው። ይሁን እንጂ በክረምት ብርድ ሕንፃውን ማሞቅ፥ ሥራዎቹን ከጉዳት መጠበቅ፥ ለዘበኛውና ለአስተማሪው ደመወዝ መክፈል ሁሉ በገንዘብ የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ በሩን በነጻ የሚከፍት ቤት ገንዘቡን ከሌላ ወገን ማግኘት ግድ ይሆንበታል።

ነገሩን ከነሥሩ ለማስረዳት በሚኒሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚገኘውን፥ ዎከር አርት ሴንተር የተባለውን የሥነ ጥበብ ቤት መመልከት ይበቃል። ይህ ቤት በዕድሜው የቆየ፥ በስሙ የታወቀ፥ ገንዘቡንም ከብዙ ወገን የሚያገኝ በመሆኑ የሌሎቹ አሠራር በእርሱ ሊታይ ይችላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቤቱ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ነጋዴ ነው። አቶ ቶማስ ባርሎ ዎከር በ1840 በኦሃዮ ግዛት ተወልደው ወደ ሚኒሶታ የመጡ፥ በደንና በጣውላ ንግድም እጅግ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ከሀብታቸውም ከፍለው ሥዕልና ልዩ ልዩ የጥበብ ሥራ ሰበሰቡ። በ1879 በመኖሪያ ቤታቸው ያዘጋጁትን የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ ከፈቱ፤ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ያለ ክፍያ ይመለከት ነበር። በ1927 ደግሞ ለዚሁ አገልግሎት ራሱን የቻለ ሕንፃ አቆሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በ1928 ዐረፉ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን የነጻውን በር ዋጋ የከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነበር ማለት ነው። የአንድ ሰው ቸርነት ግን፥ የቱን ያህል የበዛ ቢሆን፥ በዕድሜውና በንግዱ መቃናት የተወሰነ ነው። አቶ ዎከር ካረፉ በኋላ በ1929 የጀመረው የንግድ ውድቀት አገሩን ሁሉ ባስጨነቀ ጊዜ፥ ሕዝብን የሚያገለግል ቤት በአንድ ቤተ ሰብ ትከሻ ላይ ብቻ መቆም እንደሚቸግረው ግልጽ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ትከሻውን ያበደረው መንግሥት ነው። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ሥራ ላጡ ሠዓልያንና መምህራን ሥራ ለመስጠት በ1935 የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት፥ በየከተማው ከ100 የሚበልጡ የሥነ ጥበብ ማእከሎች እንዲከፈቱ ረድቷል። አሠራሩም መንግሥት ደመወዙን ሲከፍል የየከተማው ሕዝብ ደግሞ ቤቱንና ዕቃውን እንዲያዋጣ ነበር። የዎከር ቤት በዚህ ውል ገብቶ በጥር ወር 1940 «አርት ሴንተር» በሚል አዲስ ስም ተከፈተ፤ ሥዕል ከማሳየትም አልፎ ሕዝቡን የሚያስተምር ቤት ሆነ። የፌዴራሉ ፕሮጀክት በጦርነቱ መካከል በ1943 ሲዘጋ ግን የቤቱ በር አብሮ አልተዘጋም፤ በዎከር ስም የተቋቋመው ፋውንዴሽንና የከተማው ሰዎች ወጪውን ተረክበው ሥራው ቀጥሏል። የቤቱ አስተዳዳሪዎች ከዚህ የተማሩት ትምህርት እስከ ዛሬ ያገለግላቸዋል፤ አንዱ ከረጢት በተዘጋ ጊዜ ሌላው ተከፍቶ ካልተገኘ፥ ሥራው ከገንዘቡ ጋር አብሮ ይሞታል።

ዛሬ ይህ ቤት ለሕዝቡ በነጻ የሚሰጠው ብዙ ነው። ሐሙስ ማታ ማታና ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም ሰው ሳይከፍል ይገባል፤ በቅዳሜውም ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሥዕልና የእጅ ሥራ ይሠራሉ። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የተመረጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምክር ቤት ተሰብስበው፥ ለእኩዮቻቸው የሚሆነውን ዝግጅት ራሳቸው ያቅዳሉ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው የሚኒያፖሊስ የቅርፃ ቅርፅ የአትክልት ሥፍራም በ1988 ከተከፈተ ጀምሮ ያለ ክፍያ ይጎበኛል። መሬቱ የከተማው የመናፈሻዎች አስተዳደር ነው፤ በላዩ የቆሙትን ሥራዎች የሚመርጠውና የሚጠብቀው ግን ዎከር ነው። በመካከሉ የሚታየው፥ ክሌስ ኦልደንበርግና ኮሼ ቫን ብሩገን የተባሉ ባልና ሚስት የሠሩት ትልቅ ማንኪያና ቼሪ የተባለው ፍሬ፥ የከተማይቱ ምልክት እስከ መሆን ደርሷል። እርሱም ቢሆን ፍሬደሪክ ዋይስማን የተባሉ ባለ ጠጋ ለወላጆቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የሰጡት ነው። እንግዲህ በአንዲት የአትክልት ሥፍራ እንኳ መሬቱ የከተማው፥ ጠባቂው የማኅበሩ፥ ጌጡ የበጎ አድራጊው ነው። ጎብኚው አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል የሚመላለስበት መንገድ በሦስት ወገን ገንዘብ የተጠረገ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስበውም።

የቤቱ ገንዘብ በጠቅላላው ሲመረመር ከአምስት ከረጢት የሚወጣ ሆኖ ይገኛል።

አንደኛው ቋሚ ጥሪት ነው። ይህ ማለት በጎ አድራጊዎች የሰጡት ገንዘብ ሳይነካ በአክሲዮንና በልዩ ልዩ ንብረት ተቀምጦ፥ ከሚያፈራው ውስጥ በየዓመቱ የተወሰነው ብቻ ለሥራ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት ለኢትዮጵያ ካህናት ማስረዳት አያስቸግርም፤ የ1967 ዓ. ም. የመሬት አዋጅ እስከ ወጣበት ጊዜ ድረስ አድባራትና ገዳማት ይተዳደሩበት የነበረው መሬት በዚሁ መንገድ ያገለግል ነበርና። መሬቱ አይሸጥም፥ ፍሬው ግን ለአገልጋዮች ቀለብና ለመቅደሱ መገልገያ ይውላል። በአሜሪካ የብዙ ቤቶች ልማድ ከጥሪቱ የሦስት ዓመት አማካይ ግምት ላይ ከመቶ አራት ወይም አምስት እጅ ብቻ ማውጣት ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ሚሊዮን ዶላር ጥሪት ያለው ቤት በዓመት የሚያወጣው 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። የሦስቱን ዓመት አማካይ መያዛቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን እህል አከማችቶ በረኃቡ ዘመን እንዳወጣው ሁሉ፥ ገበያው በከፋበት ዓመት ሥራው በድንገት እንዳይቋረጥ፥ ገበያው በተቃናበትም ዓመት ገንዘቡ እንዳይባክን የሚጠብቅ ልጓም ነው።

ሁለተኛው የመንግሥትና የሕዝብ ግብር ነው። በዚህ በኩል የሚኒሶታ ግዛት ያደረገው ሥራ ባለ ሥልጣኖች ሊመረምሩት የሚገባ ነው። በኅዳር ወር 2008 በተደረገው የሕዝብ ድምፅ፥ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ከመቶ 56 የሚሆኑት የግዛቱ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻልና የሽያጭ ቀረጥ ከመቶ የሦስት ስምንተኛ ያህል እንዲጨመር ፈቀዱ። ጭማሪው ከሐምሌ 2009 እስከ ሰኔ 2034 ለ25 ዓመት የሚጸና ነው። ከሚሰበሰበውም ውስጥ 33 ከመቶ ለንጹሕ ውሃ፥ 33 ከመቶ ለዱር አራዊትና ለደን፥ 14.25 ከመቶ ለመናፈሻዎች፥ 19.75 ከመቶ ደግሞ ለሥነ ጥበብና ለባህል ቅርስ ተመደበ። ነገሩ በሒሳብ ሲታይ፥ ቀረጥ የሚከፈልበት የ100 ዶላር ዕቃ የገዛ ሰው 37 ሳንቲም ተኩል ይጨምራል፤ ከዚህ ለሥነ ጥበብና ለባህል የሚደርሰው ከሰባት ሳንቲም ጥቂት የሚበልጥ ነው። በዚያ ግዛት ልብስና ለቤት የሚሸመት ምግብ ከሽያጭ ቀረጥ ነጻ ስለ ሆኑ ሸክሙ በድኻው ጉሮሮ ላይ አይወድቅም። የግዛቱ የሥነ ጥበብ ቦርድ ከዚህ ገንዘብ ለብዙ ማኅበራት ድጎማ ይሰጣል፤ ዎከርም ከተቀባዮቹ አንዱ ነው። እንዲህ ሲሆን ወደ ሥዕል ቤቱ ሄዶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ ሳያውቀው ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ሆኗል፤ ስለዚህም ቤቱ ለእርሱና ለልጆቹ ዕዳ አለበት።

ከዚህ ሌላ መንግሥት ገንዘብ በእጁ ሳይሰጥ የሚረዳበት ስውር መንገድ አለ። በአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ የበጎ አድራጎትና የትምህርት ማኅበር ከገቢ ግብር ነጻ ነው፤ ለእርሱም ስጦታ የሚያደርግ ሰው የሰጠውን ያህል ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ከ1917 ጀምሮ ተፈቅዷል። ስለዚህ አንድ ባለ ጠጋ ብዙ ሺህ ዶላር በሰጠ ጊዜ ከፊሉን በእውነት የሰጠው መንግሥት ነው፤ ያን ያህል ግብር ቀርቶበታልና። በጎ አድራጊው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን በስጦታው ውስጥ የጠቅላላው ሕዝብ ድርሻ እንዳለበት መዘንጋት አይገባም።

ሦስተኛው የኩባንያዎችና የፋውንዴሽኖች እርዳታ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በሚኒያፖሊስ የሆነው ታርጌት የተባለው የንግድ ኩባንያ የነጻውን የሐሙስ ምሽት ወጪ ለብዙ ዓመታት በመርዳቱ ምሽቱ በስሙ ይጠራ ነበር። ኩባንያው ከዚህ የሚያገኘው መልካም ስም ነው፤ ቤቱ የሚያገኘው ደግሞ የተከፈተ በር ነው። በዚህ ላይ አስተዳዳሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልዩነት አለ፤ ይኸውም የታሰረና ያልታሰረ ገንዘብ ነው። ሰጪው «ይህ ለልጆች ትምህርት ብቻ ይሁን» ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለጣራ ጥገና ወይም ለመብራት ሊውል አይችልም። ለሚታይና ለሚመሰገን ነገር ሰጪ አይጠፋም፤ ለዘበኛ ደመወዝና ለውሃ ቧንቧ ግን ስሙን ሊያስጽፍ የሚሻ ጥቂት ነው። ያለ ጣራና ያለ ዘበኛ ደግሞ የልጆች ትምህርት አይኖርም። ስለዚህ ከሁሉ የሚከብረው ስጦታ ያልታሰረው ስጦታ ነው፤ ሰጪው በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በእምነቱም ሰጥቷልና።

አራተኛው የአባላት መዋጮና የጥቃቅን ሰጪዎች ስጦታ ነው። አባላት በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ከፍለው በማናቸውም ቀን ይገባሉ፤ ከዚያም በላይ የቻሉትን ይጨምራሉ። እያንዳንዱ መዋጮ ትንሽ ቢሆንም ብዛቱ ይጠቅማል፤ በወንጌል የተነገረላት መበለት ሁለት ሳንቲም ከባለ ጠጎቹ ስጦታ በላይ እንደ ተቈጠረ ካህናት ያውቃሉ። ለአስተዳዳሪው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ብዙ አባላት ያሉት ቤት ለመንግሥትም ለኩባንያም ሲያመለክት «ሕዝቡ ይወደኛል» ብሎ የሚያቀርበው ምስክር ይህ ነው።

አምስተኛው ቤቱ ራሱ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። በነጻ ባልሆኑት ቀኖች ትልልቅ ሰዎች የመግቢያ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ለሙዚቃ፥ ለጭፈራና ለፊልም ትርዒት ቲኬት ይሸጣል፤ መጽሐፍና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ፥ ምግብ ቤት፥ ለሠርግና ለግብዣ የሚከራይ አዳራሽም አለ። ከሌላ ከተማ መጥቶ በሌላው ቀን የሚከፍል ጎብኚ፥ ሐሙስ ማታ ሳይከፍል ለሚገባው የከተማው ተማሪ ከፈለለት ማለት ነው። ይህ ገቢ ማንም የማይቈጣጠረው የቤቱ የራሱ ላብ ስለ ሆነ ነጻነትን ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ጎብኚ በጠፋ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። በ2020 ወረርሽኙ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ የአሜሪካ ሙዚየሞች በራቸውን ሲዘጉ፥ በቲኬትና በግብዣ ይተማመኑ የነበሩት ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከአምስቱ ከረጢት የወጣው ገንዘብ ምን ፍሬ እንዳፈራ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ ኢትዮጵያን የሚነካ ነው። ሠዓሊዋ ወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ በ1970 በአዲስ አበባ ተወልደው በ1977 ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የሄዱ፥ ዛሬ በዓለም ስማቸው የተጠራ ባለሙያ ናቸው። ዎከር እኒህን ሠዓሊ ገና በወጣትነታቸው ጠርቶ በ2003 ሥራቸውን ለብቻው አሳየ። በዚሁ ጊዜ በቤቱ እንግዳ ሆነው ሲሠሩ በሚኒያፖሊስ በኤዲሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ 30 ያህል ወጣቶችን ተባባሪ አደረጓቸው። እነዚህ ተማሪዎች ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ቤተ ሰቦች ልጆች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው የፎቶግራፍ መሣሪያና ድምፅ መቅጃ ተሰጥቷቸው የሚኖሩበትን ሠፈር፥ ቤታቸውን፥ የሚሄዱበትን መንገድ ራሳቸው መዘገቡ። የሥራውም ስም ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው የሚል ነበር። ለስደተኛ ልጅ፥ ትልቁ የከተማው የሥነ ጥበብ ቤት ታሪኩን እንዲናገር በጠየቀው ጊዜ የሚሰማው ክብር በዶላር የሚተመን አይደለም፤ ነገር ግን ካሜራው በዶላር ተገዝቷል፥ አስተማሪውም በዶላር ተቀጥሯል። ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ተማሪዎቹን አያውቋቸውም፤ ተማሪዎቹም ሰጪዎቹን አያውቁም። በመካከላቸው ቆሞ አደራውን የፈጸመው ቤቱ ነው።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ቤትን ለሕዝብ የተመቸ አያደርገውም። በ2017 የአትክልት ሥፍራው ታድሶ ሊከፈት ሲል ሳም ዱራንት የተባለው ሠዓሊ የሠራው፥ የመስቀያ መድረኮችን የሚመስል የእንጨት ሥራ ቆሞ ነበር። ከመሰላቸውም መድረኮች አንዱ በ1862 በሚኒሶታ በማንካቶ ከተማ 38 የዳኮታ ሰዎች የተሰቀሉበት ነው። የሠዓሊው አሳብ የመንግሥትን ግድያ ለመንቀፍ ቢሆንም፥ ከዳኮታ ወገኖች ጋር አስቀድሞ ምክር ስላልተደረገ ሐዘናቸው ተቀሰቀሰ፤ በቦታውም ተሰብስበው ተቃወሙ። መክፈቻው በአንድ ሳምንት ዘግይቶ፥ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር በተደረገ ስምምነት ሥራው ፈርሶ እንጨቱ ለእነርሱ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የአገሩን ተወላጅ ሠዓልያን ሥራ አወዳድሮ፥ አንጄላ ቱ ስታርስ የተባሉት የዳኮታ ሠዓሊት ያዘጋጁትን ሥራ በ2021 በዚያው የአትክልት ሥፍራ አቆመ፤ ስሙም በዳኮታ ቋንቋ እርስ በርስ መረዳዳት ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው። በሩን በነጻ መክፈት ጎብኚውን ከክፍያ ያድነዋል፤ ከመናቅ ግን አያድነውም። ለሕዝብ የሚሰጥ ነገር ከሕዝብ ጋር ተመክሮበት ካልተሰጠ፥ ወጪው ወጥቶ ምስጋናው ይቀራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል፤ እስከ መቼ ይከፈላል? እያንዳንዱ ከረጢት የየራሱ ጊዜና የየራሱ ጌታ አለው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ሐመር የተባለው ሙዚየም በ2014 መግቢያውን በነጻ ያደረገው በሁለት ወይዛዝር ስጦታ ነው። በዚያው ከተማ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በሩን በነጻ የከፈተው ከባላደራዎቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ካሮሊን ፓወርስ በሰጡት 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ዕድሜአቸው ከ25 ዓመት ያላለፈ ወጣቶች በነጻ እንዲገቡ በ2024 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰጡት እነዚያው ወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት በሚኒያፖሊስ ለተማሪዎች ካሜራ ያደሉት እጆች ዛሬ ለሌሎች ወጣቶች በር መክፈታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የስጦታው ዘመን ሦስት ዓመት ነው፤ ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ቤቱ ሌላ ሰጪ መፈለግ አለበት።

የመንግሥትም ገንዘብ ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1965 የተቋቋመው የፌዴራሉ የሥነ ጥበብ ድጎማ መሥሪያ ቤት ለማኅበራት ድጎማ ሲሰጥ፥ ተቀባዩ የዚያኑ ያህል ገንዘብ ከሌላ ወገን እንዲያገኝ ሲያዝዝ ቆይቷል፤ በግንቦት ወር 2025 ግን አስቀድሞ የፈቀደውን ብዙ ድጎማ በአንድ ጊዜ ሰረዘ። በዚህ ድጎማ ብቻ ሥራ የጀመሩ ትንንሽ ማኅበራት በብርቱ ተጎዱ፤ ከሌላም ወገን ገቢ የነበራቸው ጉዳቱን ችለው ቆሙ። የሚኒሶታው ቀረጥም በ2034 ጊዜው ያበቃል፤ የሚቀጥልና የማይቀጥል መሆኑን የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነው። ያን ጊዜ መራጩ ወደ ሣጥኑ ሲቀርብ በልቡ የሚጠይቀው «ይህ ገንዘብ ለእኔ ምን አደረገልኝ?» ብሎ ነው። መልሱን የሚያገኘው ከመግለጫ ወረቀት ሳይሆን ልጁ በዚያች ቅዳሜ ሠርቶ ካመጣት ሥዕል ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህን ሁሉ ከመድከም መንግሥት ሙሉውን ይክፈል» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «የወደደ ይክፈል፥ ያልወደደ ይቅር» ይላሉ። ሁለቱም አሳብ ከነምክንያቱ የሚሰማ ነው። መንግሥት ብቻውን የሚከፍልለት ቤት ግን ባጀት በተቀነሰ ቀን ይዘጋል፥ ሹም በተለወጠ ቁጥርም ዓላማው ይለወጣል። የሚከፍል ብቻ የሚገባበት ቤት ደግሞ ገንዘብ ያለውን ሰው ያስደስት እንደ ሆነ እንጂ፥ ነገ ሠዓሊ ወይም መሐንዲስ ሊሆን የሚችለውን የድኻ ልጅ ከደጅ ይመልሳል። አንድ ባለ ጠጋ ብቻ የሚደግፈው ቤትም ባለ ጠጋው ያልወደደውን ሥራ ለማሳየት ይፈራል። ስለዚህ የሚሻለው መንገድ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደ ተባለው፥ ሸክሙን ከፋፍሎ መያዝ ነው። ብዙ ከረጢት ያለው ቤት አንዱ ሲዘጋ በሌላው ይኖራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የበሩ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይወድቅም።

ይህም መንገድ ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። ብዙ ሰጪ ያለው ቤት ለብዙ ጌታ መልስ ይሰጣል፤ ማመልከቻ የሚጽፍ፥ ሒሳብ የሚያቀርብ፥ ሰጪዎችን የሚያስተናግድ ሠራተኛ መቅጠር አለበት፤ የዚህ ሠራተኛ ደመወዝም ከዚያው ገንዘብ ላይ ይወጣል። እምነትን የሚያጸናው ደግሞ ሒሳብን መግለጥ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በየዓመቱ ገቢያቸውንና ወጪያቸውን፥ የዋና ኃላፊዎቻቸውንም ደመወዝ ጭምር ለግብር መሥሪያ ቤት ጽፈው ያቀርባሉ፤ ጽሑፉም ለጠየቀ ሁሉ የሚታይ ነው። የባላደራዎች ጉባኤም ሒሳቡን በመርማሪ አስመርምሮ ይቀበላል። አደራ የተቀበለ ሰው ሒሳቡን በፀሐይ ካላሰጣው፥ ነገ ሁለተኛ አደራ የሚሰጠው አያገኝም።

እንግዲህ ለሕዝብ የሚጠቅም ቤት፥ የሥነ ጥበብም ይሁን የመጻሕፍት ወይም የትምህርት፥ እንዲመራ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ሊይዝ ይችላል። መጀመሪያ፥ «በነጻ» የሚለውን ቃል ከመናገሩ በፊት ከፋዩንና የክፍያውን ዘመን ለይቶ ይወቅ። ሁለተኛ፥ የሚታየውን ዝግጅት ብቻ ሳይሆን የማይታየውንም ጣራና ዘበኛ በሒሳቡ ያግባ። ሦስተኛ፥ በሩን የሚከፍትለትን ሕዝብ አስቀድሞ ያማክር። አቶ ዎከር በ1879 የከፈቱት አዳራሽ እስከ ዛሬ ያልተዘጋው የአንድ ሰው ሀብት ስለ በዛ አይደለም፤ እርሳቸው ካለፉ በኋላ በየዘመኑ ሌላ እጅ ሸክሙን ስለ ተቀበለ ነው። ከእነዚያም እጆች መካከል በገበያ ሰባት ሳንቲም የጨመረው ያልታወቀው ሰው እጅ አለ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጋበዝ የሚገባውም እርሱ ነው።